የ40 ዶላሩ ካሜራ

በወርኃዊ የእሁድ ስብሰባችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል እንጂ አነጋገሯ እንዳለ ነው።

ከጁኒዬም ከሳይዳም ተሳፍራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ማዳምን ለምናችሁ ሁለት ሰዓት ብቻ የተፈቀደላችሁም አላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ወር ሒሳብ ሲነበብ አንዲት እህታችን ተነሥታ፣ "ይሄ አሮጌ ካሜራ ይሸጥና ገንዘቡ ሣጥን ይግባ፤ አሁን ስልክ የሌላት ማን አለች?" ብላ ነበር። ሁለት ሦስት ሰዎችም ደግፈዋታል። እኔ አልተቀየምኩም። የማኅበር ዕቃ ከሆነ ለምን እንደተያዘ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰብሳቢያችን ደግሞ "አንቺ ነሽ የምትሸከሚው፤ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንቺው ንገሪን" አለችኝ። እነሆ ቆሜያለሁ። ፎቶ ያስተማረችኝ እዚሁ ቤሩት አንዲት የፊሊፒንስ እህት ናት፤ በእረፍት ቀናችን፣ ባሕሩ ዳር እየተቀመጥን። የቀረውን እየሠራሁበት ያየሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሽያጩ። ይሄን ካሜራ የገዛነው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ድልድዩ ሥር ካለው እሁድ ገበያ፣ ከሱቅ አል-አሐድ ነው። ሻጩ 70 ዶላር ብሎ ጀምሮ በ40 ተስማማን። ዛሬ መልሰን ብንወስደው 25 ከሰጡን ጥሩ ሰጡን ነው የምለው። እንግዲህ በ25 ዶላር ምን እንደምንሸጥ እንይ።

ስሙ ካነን ኢኦኤስ 300ዲ ይባላል። የወጣው በፈረንጆቹ ነሐሴ 2003 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 1995። እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ ያኔ ጡት እየጠባችሁ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዲጂታል ሬብል ብለው ሸጡት፣ አመፀኛው እንደማለት። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኪስ ዲጂታል አሉት። ኪስ ሲባል የኛ ኪስ እንዳይመስላችሁ፣ በእንግሊዝኛ መሳም ነው። ኪስማ የት ይገባል? ያለ ሌንሱ ብቻውን 560 ግራም ነው።

አሁን ሌንሱን ነቅዬ ላሳያችሁ። የኋላ ወንበር ያላችሁ ቀረብ በሉ። ውስጥ አጋድላ የተቀመጠች መስታወት ትታያችኋለች? ብርሃን በሌንሱ ይገባል፣ እሷ ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይመለሳል። እላይ ባለችው ጉብታ ውስጥ ሌሎች መስታወቶች ተቀብለው ዓይናችሁን ወደምታስጠጉባት ቀዳዳ ያደርሱታል። ስለዚህ የምታዩት ስክሪን አይደለም፤ ሌንሱ የሚያየውን ራሱን ነው። ስትጫኑት መስታወቷ ብድግ ትላለች፣ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ መስታወቷም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ያ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ዱሮ በሴንሰሩ ቦታ ፊልም ነበር የሚቀመጠው፤ 36 ፎቶ ታነሻለሽ፣ ወስደሽ ታሳጥቢያለሽ፣ ግማሹ ተቃጥሎ ይመጣል። ይሄኛው ግን ከ6 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ያሉት ሴንሰር አለው፤ ብርሃኑን ወደ ቁጥር ለውጦ ካርድ ላይ ይጽፈዋል።

እንዲህ ያለ ካሜራ እኛ እጅ መግባቱ ራሱ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1991፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት ማለት ነው፣ ኮዳክ የሚባለው ድርጅት ኒኮን ኤፍ3 የሚባል የፊልም ካሜራ ወስዶ በፊልሙ ፈንታ ሴንሰር ገጠመለትና ለጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ሸጠው። 1.3 ሜጋፒክስል ነበር። ፎቶው ካሜራው ውስጥ አይቀመጥም፤ በሽቦ የተያያዘ ሣጥን በትከሻ ይንጠለጠላል፣ 200 ሜጋባይት የሚይዘው ዲስክ ያለው እዚያ ነው። ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ። በ1999 ኒኮን ዲ1 የሚለውን አወጣ፤ 2.7 ሜጋፒክስል፣ ወደ 5 ሺህ ዶላር። በ2003 መጀመሪያ ካነን 10ዲ የሚለውን በ1500 ዶላር ገደማ ሸጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ይሄ መጣ፤ ብቻውን 899፣ ከሌንሱ ጋር 999 ዶላር። ሌንሱ ከሚቀያየር፣ መስታወት ካለው ዲጂታል ካሜራ ከሺህ ዶላር በታች የገባው የመጀመሪያው እሱ ነው። እንዲያም ሆኖ በወር 100 ዶላር ለምታገኝ ሴት 899 ማለት የዘጠኝ ወር ደመወዝ ነው። ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ ያኔ የሚጠየቅ አልነበረም።

እንዴት ረከሰ? ሴንሰሩ ከ10ዲ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ 6.3 ሜጋፒክስል። የቀነሱት ሌላ ነገር ነው። አካሉን ፕላስቲክ አደረጉት፤ ጉብታው ውስጥ በከባድ የተቆረጠ ብርጭቆ ፈንታ ቀላል መስታወት አስገቡ። ደግሞ የሚገርመው፣ ካሜራው ሊሠራቸው የሚችላቸውን አንዳንድ ሥራዎች በፕሮግራም ቆልፈውበት ነበር፣ ውዱን እንዳይሻማ። በኋላ ነገሩ የገባቸው ሰዎች ከፍተውታል። እያወቀች "አታውቅም" ተብላ ማጠቢያ ላይ ብቻ የምትቀመጥ ሠራተኛ ታውቁ የለ? እንደዚያ በሉት።

አሁን ወደ ሌንሱ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ይሄን አዳራሽ ቀና ብላችሁ እዩት። ሁለት ፍሎረሰንት አለው፤ አንዱ ይርገበገባል። መብራት ጠፍቶ ሞተር ሲነሳ ደግሞ አንዱ ብቻ ይበራል። ክርስትናችንም፣ ልደታችንም፣ የአዲስ ዓመት ዝግጅታችንም የሚደረገው እዚህ ነው። ብርሃን የለንም። ፎቶ ደግሞ ከብርሃን ሌላ ምንም አይደለም።

ሌንስ ውስጥ የምትሰፋና የምትጠብ ቀዳዳ አለች። እንደ ቧንቧ አስቧት። ባልዲው እስኪሞላ ድረስ ቧንቧውን በሰፊው ከከፈትሽ ቶሎ ይሞላል፣ በጭላንጭል ከከፈትሽ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ካሜራውም ባልዲው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ በሚጠብቅበት ጊዜ ሰው ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ጭጋግ ይሆናል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ከ18 እስከ 55 የሚለው ነው፤ ሲጠጋ ቀዳዳው 5.6 ላይ ይቆማል። ይቺ ትንሿ ደግሞ 50 ትባላለች፣ ቀዳዳዋ እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ አትርሱ፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። በ5.6 እና በ1.8 መካከል ያለው ልዩነት ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ነው። ያ ማለት በዚያኛው አንድ ስምንተኛ ሴኮንድ የሚፈልገው ፎቶ በዚህች አንድ ሰማንያኛ ሴኮንድ ይበቃዋል። በአንድ ስምንተኛ ሴኮንድ እስክስታ የምትመታ ልጅ ትከሻ አይኖራትም። በአንድ ሰማንያኛ ግን ትከሻዋም አለ፣ ሳቋም አለ።

ይቺ 50 ምንም የምታምር አይደለችም፤ ሁለመናዋ ፕላስቲክ ነው፣ 130 ግራም ናት፣ ስታተኩር እንደ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ትጮኻለች። የመጣችው በፈረንጆቹ በ1990 መጨረሻ ነው። ካሜራው ከእሷ በ13 ዓመት ያንሳል፤ ግን ይገጣጠማሉ። ለምን? ካነን የሌንሱን መግጠሚያ በ1987 አውጥቶ ይሄ ካሜራ እስኪመጣ ድረስ ስላልቀየረው ነው። ስለዚህ እናንተ "አሮጌ ካሜራ" ስትሉ እኔ ሁለት ዕቃ ነው የማየው። ሴንሰር ያለበት ሣጥን ያረጃል፣ በየዓመቱ የሚበልጠው ይወጣል። ሌንስ ግን ካልተቧጨረና ሻጋታ ካልያዘው አያረጅም። ነገ ሣጥኑ ቢሞት የዚሁ ዘር ሌላ የካነን ሣጥን ፈልገን ይቺኑ እንገጥማለን። ቤት ስትቀይሪ ምጣድሽን ይዘሽ አይደል የምትሄጂው?

ሌላም ጥቅም አላት። የዚህ ካሜራ ሴንሰር ከፊልሙ ስለሚያንስ 50 የምትለዋ እንደ 80 ሆና ታሳያለች፤ ማለት ራቅ ብለሽ ቆመሽ ፊት ታነሻለሽ። ስልክ ሰፊ ነው የሚያየው፤ ፊት ለመሙላት አፍንጫ ሥር ትገቢያለሽ፣ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ከዚያ "እኔ ፎቶ አያምርብኝም" ትላላችሁ። ያምርባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ እዚሁ ተምሬው ነው። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ነው የሚጥረው። ሁላችሁ ነጠላ ለብሳችሁ፣ ነጭ በነጭ ሆናችሁ ስትቆሙ "አቤት ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታችን ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ሰው ግን "ጥቁር ስለሆንን ነው" ይላል። አይደለም። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ መዞሪያዋን ወደ መደመሩ ታዞራላችሁ፣ እስከ አንድ ድረስ። ነጠላው ይነጣል፣ ፊታችንም በራሱ ቀለም ይወጣል። ስልክም ላይ ጣታችሁን ፊት ላይ ነክታችሁ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ስልክ ብቻ ያላችሁ ይሄን ያዙ።

አሁን ደግሞ ከብዙዎቻችሁ ልብ የማይጠፋ ነገር ላነሳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከመካከላችን አንዲት ልጅ አጥተናል። ቤተሰቧ ስሟ እንዲነሳ ስላልፈለጉ አልጠራም። ከሰገነት ወደቀች ተባልን፤ ከዚያ በላይ የነገረን የለም። አስከሬኗ አገር እስኪገባ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ወሎ ያሉ ወላጆቿ ለልቅሶው ፎቶ ጠየቁን። ምን ነበረን? አንደኛው ለፓስፖርት የተነሳችው ነው፤ ደንግጣ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ጉንጯ ላይ ማኅተም ተመቶበት። ሌላው በስልክ የተነሳ ነበር። ስንት ሰው እጅ እንዳለፈ እንጃ። ፎቶ በስልክ መልእክት ሲላክ ቦታ እንዳይፈጅ ይጨመቃል፣ ዝርዝሩ ይጣላል፤ ደጋግመው ሲልኩት ደግሞ ይብስበታል። በትንሿ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል። ደሴ ፎቶ ቤት ወስደው ሊያሳጥቡት ሲሉ ባለሙያው "ይሄ ከመዳፍ በላይ አይሰፋም" አላቸው።

ካርዶቹን ሳገላብጥ የዚያን ዓመት ፋሲካ አገኘሁ። በዚህች በ50ዋ የተነሳ ነው። ድፎ ዳቦውን ይዛ፣ አንዷ የሆነ ነገር ብላት ዞር ስትል። አንዱ ፎቶ 3072 በ2048 ነጥብ ነው፤ ዋናው ፋይል 3 ሜጋባይት ያህላል። ወደ አገር የምትገባ እህት በፍላሽ ዲስክ ይዛላቸው ሄደች፣ በ30 በ45 ሳንቲ ሜትር አሳጠቡት። እናቷ ደወሉልኝ። "ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ ትታያለች" አሉኝ። "በሦስት ዓመቷ ምድጃው ላይ ወድቃ ነው። እኔ ነበርኩ ቅቤ የቀባኋት።" ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ።

(እዚህ ላይ ተናጋሪዋ ጥቂት አርፋለች።)

እሺ። ልቀጥል።

ስለ ደኅንነታችንም ማንሳት አለብኝ። ከመካከላችን ወረቀት ያላት አለች፣ የሌላት አለች። ፓስፖርቷ አሠሪ እጅ ቀርቶ በለበሰችው ልብስ የወጣች አለች። እነዚህ እህቶች የት እንደሚውሉ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ፎቶ ይናገራል። በስልክ የተነሳ ፎቶ አንዷ ሳታስብ በአንድ ንክኪ ትለቀዋለች፤ ማታ ማዳም ታየዋለች። አንዳንድ ስልክ ደግሞ የተነሳበትን ቦታ ፎቶው ውስጥ ደብቆ ይጽፋል። ይሄ ካሜራ ኢንተርኔት የሚባል አያውቅም፤ ቦታም አይመዘግብም። ፎቶው ካርዱ ላይ ይቀመጣል፣ ካርዱን አውጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው እስኪመጣ ድረስ ወዴትም አይሄድም። ካርዶቹ ያሉት በማኅበሩ ሣጥን ነው፣ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ነው። ማን ፎቶ እንደፈለገች፣ ማን እንዳልፈለገች በቁጭታ ነው የምንለየው፤ ያልፈለገች በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፣ እኔም ወደዚያ ካሜራ አላዞርም። ይሄ ሥርዓት እስካሁን አንድም ቀን አልፈረሰም።

ግን ደግሞ ካሜራው ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ስለዚህ ሰዓቱ ትክክል መሆን አለበት፤ እኔ በየወሩ አየዋለሁ። ይሄ ለምን ይጠቅማል? የተመታችበትን ወይም የተቃጠለችበትን ቦታ ለማሳየት የምትነሳ እህት ስትኖር ዋናው ፋይል ቀኑን ይዞ ይቆያል። በስልክ መልእክት ሲተላለፍ ያ ቀን ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጠበቃ ስትሄዱ ከተላለፈው ይልቅ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ ያነሳችሁትም ቢሆን ዋናውን አታጥፉ።

አንድ ነገር አስምሩልኝ። ካርድ ላይ "አጥፋ" ብላችሁ ስታጠፉ በእውነት አይጠፋም። ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ዛሬ ካሜራው ይሸጥ ብላችሁ ብትወስኑ እንኳ ካርዶቹ አይሸጡም፣ ለማንም አይሰጡም።

ለካሜራው ብቻ እንዳልከራከር ጉድለቱንም ልናገር። ቪዲዮ የሚባል የለውም። ሲበራ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ያንቀላፋል። አራት ፎቶ አከታትሎ ካነሳ በኋላ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ ድረስ ጠብቁኝ ይላል፤ ሙሽራ ኬክ ስትቆርስ ይሄ ያናድዳል። ከኋላው ያለችው ስክሪን 1.8 ኢንች ናት፤ ፎቶው ጥርት ማለቱን በእሷ ማወቅ ዘበት ነው። በጨለማ አይኤስኦውን ወደ 1600 ስታወጡት ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። አሁን የሚወጡት ውድ ስልኮች በጨለማ ብዙ ፎቶ አንስተው አንድ ላይ እየደመሩ ከዚህ የተሻለ ሊያወጡ ይችላሉ፤ አልክድም። ግን እኛ እጅ ያለው የትኛው ስልክ ነው? መስታወቱ የተሰነጠቀው አይደል? ማዳም ሌላ ስትገዛ የሰጠችን።

ባትሪው ግን ወርቅ ነው። ጥሩ በነበረ ጊዜ ያለ ፍላሽ ወደ 600 ፎቶ ያነሳ ነበር። መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛው አሁን ደክሟል፣ 200 ላይ ይተኛል። ተመሳሳይ አዲስ ባትሪ ዶራ ውስጥ 10 ዶላር ብለውኛል።

ለራሳችሁ ልትገዙ የምትፈልጉም አላችሁ፤ ከዚህ በፊት ሦስት ሰዎች ጠይቃችሁኛል። እሁድ ገበያ ስትሄዱ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ይሄ የሚበላው ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ወፍራሙን ካርድ ነው፤ የስልክ ካርድ አይገባለትም። ሻጩ ቻርጀሩን ካልሰጣችሁ 10 ዶላር ቀንሱበት። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዛችሁ በውስጡ አሻግራችሁ እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። አቧራ ግን ምንም አይደለም። ካርዱን የሚያስገባበት ቦታ ውስጥ ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፤ አንዷ ከተጣመመች አትግዙ። ከዚያ ነጭ ግድግዳ አንሱና ሰፋ አድርጋችሁ እዩ። ሌንስ ብቻ ስትገዙ ደግሞ ምልክቱን ተመልከቱ፤ ቀይ ነጥብ ያለበት በሁሉም የዚህ ዘር ካሜራ ይገጥማል፣ ነጭ አራት ማዕዘን ያለበት ግን የሚገጥመው በዚህ ካሜራና ከዚህ በኋላ በመጡ ባለ ትንሽ ሴንሰር ወንድሞቹ ላይ ብቻ ነው። የዱሮ የፊልም ካሜራ ላይ አይገባም። እናም እቤት ስትወስዱ ፎቶዎቹን ለማውጣት በሽቦ አትድከሙ፤ ዘገምተኛ ነው። የካርድ ማንበቢያ ግዙ።

መንገድ ላይ ይዛችሁት ስትወጡ ኬላ፣ ወታደር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር አታንሱ። ስልክ ብዙም አያስደነግጥም፣ ይሄን ግን ጋዜጠኛ ነሽ ይሏችኋል። ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ገንዘቡን በተመለከተ፤ ባለፈው ዓመት ሦስት ክርስትናና አንድ ሠርግ አንስተን ሰዎቹ እንደ ፈቃዳቸው የሰጡት 210 ዶላር ሣጥን ገብቷል። ሒሳብ ያዧ መዝገቡ ላይ ታሳያችኋለች። ከዚያ ውስጥ 50ዋን ሌንስ በ45 ዶላር ገዛናት። የቀረው ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ለተኛችው እህታችን መድኃኒት ሆኗል።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አይሸጥ። አንድ ባትሪና አንድ የካርድ ማንበቢያ ይገዛለት፤ ሁለቱ ከ20 ዶላር አያልፉም። እኔ ደግሞ ኮንትራቴ በመጋቢት ያልቃል፣ አገር ልገባም እችላለሁ። ስለዚህ ከአሁኑ ሁለት ልጆች ከጎኔ ይቁሙና ይማሩ። ሦስት እሁድ ይበቃል። አንዷ ከመስኮቱ በኩል ከሚቀመጡት ብትሆን ደስ ይለኛል። ከካሜራው ኋላ የቆመች ሰው ፎቶ ውስጥ አትገባምና።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ይዞር። ካርዱን አውጥቻለሁ፣ ዝም ብላችሁ ተጫኑት፣ ድምፁን ስሙት። ከቀኝ በኩል ይጀመር። ሌንሱን ለመንቀል ይቺን ቁልፍ ጫን አድርጎ ወደ ግራ ማዞር ነው፤ ስትነቅሉት ግን አፉ ወደ ታች ይሁን፣ አቧራ እንዳይገባ። መስታወቷን በጣት አትንኩብኝ። ቡና የያዝሽ እህቴ፣ አንቺ መጀመሪያ ስኒውን አስቀምጪ።